አክስቴን ያገባሁ ጊዜ

ባለቤቴ ጀርመናዊት ናት። የተጋባነው እኔ እዚያ አገር ለሁለት ዓመት ስማር ነው። ትምህርቴን ስጨርስ፣ የላከኝ የጅማው ኮሌጅ ተመልሼ እንዳገለግል አስፈርሞኝ ስለነበር ተመለስኩ፤ እሷ ሥራዋ ላይ ቀረች። ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ናት። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «ወጌሻ ናት፣ ግን ደመወዝተኛ» ትላለች።

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሲሆነን የሠላሳ ቀን ፈቃድ አገኘችና ልትጠይቀኝ ተነሳች። እንደ ማንኛውም ቱሪስት በኦንላይን አመልክታ ብትመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይከተልም ነበር። ችግሯ መዋሸት አለመቻሏ ነው። የጉዞሽ ዓላማ ምንድነው የሚለው ቦታ ላይ «ባሌን ለመጠየቅ» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣላት፤ ባልሽ ከሚኖርበት ቀበሌ የዝምድና ማረጋገጫና የጥሪ ደብዳቤ ይላክ ይላል።

«ቀላል ነው» አልኳት በስልክ። «ነገ አስጽፌ እልክልሻለሁ።»

እንዲህ ያልኩት ቀበሌ ከሄድኩ ዓመታት ስላለፉና ስለረሳሁት ነው።

ጸሐፊዋ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ነገር የማያጣድፋት ሴት ነበረች። ተተርጉሞ ማኅተም ያረፈበትን የጋብቻ ወረቀታችንንና የሁለታችንን ፓስፖርት ኮፒ ሰጠኋት። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ እንደገና ወደ አንደኛው ተመለሰች።

«የምትጠራው ሚስትህን ነው ወይስ አክስትህን?»

«ሚስቴን።»

«እዚህ ላይ ግን አክስትህ ናት» አለችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር ሴት ስታገባ ከፈለገች የባሏን የቤተሰብ ስም ትወስዳለች። እኔ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው ደግሞ የአያቴ ስም ነው። ባለቤቴ በሠርጋችን ዕለት ደስ ብሏት ፈርማ እሱን ወሰደች። እነሱ ዘንድ ይሄ ፍቅር ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ባለቤቴ የአያቴ ልጅ፣ የአባቴ ታናሽ እህት ሆና ቁጭ አለች።

ይህን ሁሉ ለጸሐፊዋ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ገብቶኛል» አለች። «ግን እኔ የምጽፈው የገባኝን አይደለም፤ ወረቀቱ የሚለውን ነው።»

ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም የሚያሳየውን መስመር ጠቆምኳት። አነበበችውና ቅንድቧን አነሳች።

«ይሄ ደግሞ ሌላ አባት ነው። ሁለት አባት አላት ማለት ነው?»

ወደ ኃላፊዋ ክፍል ገብታ ብዙ ቆይታ ወጣች። ይዛ የመጣችው መፍትሔ አጭር ነበር፤ አያቴ ልጅቷ ሳትወለድ መሞታቸውን የሚያሳይ የሞት ምስክር ወረቀት ላምጣ። አያቴ የሞቱት ሊሙ ገነት፣ እኔም ሳልወለድ ነው። በዚያን ጊዜ እዚያ ሰው ሲሞት ይቀበራል እንጂ ወረቀት አይወጣለትም። ይህንንም አስረዳሁ። እንግዲያው በሕይወት ያሉ ልጆቻቸው ቀርበው፣ እንዲህ የምትባል እህት የለችንም ብለው ይፈርሙ ተባለ። በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ ጅማ የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው አባቴና ሊሙ ገነት ቡና የሚያለማው ታላቅ ወንድሙ።

አባቴ ነገሩን ስነግረው ሱቁ ውስጥ የሚስማር ካርቶን ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«በዚህ ዕድሜዬ እህት አመጣህልኝ» አለኝ። «ለወንድሜ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ።»

ያኔ ስልኩን መቀማት ነበረብኝ። አባቴ ቀልድ ካማረው የሚመጣው መዘዝ አይታየውም። ለአጎቴ የነገራቸው፣ የአባታችን ልጅ ነኝ የምትል ሴት ከውጭ አገር እየመጣች ነው ብሎ ነው። አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የቡናውን መሬት ሰምታለች?»

ከዚያ በኋላ አባቴ ቀልድ ነው ቢላቸው፣ ቢምል ቢገዘት አላመኑትም። ምንም ወረቀት አልፈርምም አሉ። እህት የለኝም ብዬ ብፈርም፣ ነገ ፍርድ ቤት ቆማ ወንድሜ ካደኝ ትላለች አሉ። እህት አለችኝ ብዬ ብፈርም ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ አሉ። ከዚያ ስልኩን ዘጉ።

በማግስቱ አባቴንና እኔን ሚኒባስ ሊሙ ገነት አወረደን። አጎቴ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው በረንዳ ላይ ይጠብቁናል። ምስክር መሆናቸው ነው። የሠርጋችንን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አባቴን አትመስልም፣ አልሃምዱሊላህ» አሉ። ቀጠሉና ግን ወደ አባቴ ዞሩ። «አባታችን ሦስት ሚስት ፈትቷል። ሦስተኛዋ የት እንደገባች አናውቅም።»

«አጋሮ ነው የገባችው» አለ አባቴ። «ከአጋሮ ጀርመን አልሄደችም።»

«አንተ ማል ጄታ?» አሉኝ አጎቴ፣ ምን ትላለህ ሲሉ ወደ ኦሮምኛው ነው የሚሄዱት።

«አባባ፣ እሷ የተወለደችው አያቴ ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።»

አጎቴ አሰቡበት። ጎረቤቶቹም አሰቡበት።

«ዘጠኝ ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ነገር ማጓተት ይወድ ነበር፤ ይሄን ያህል ግን አይሆንም።»

ያም ሆኖ ከራሷ አፍ መስማት ፈለጉ። በቪዲዮ ደወልኩላት። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ «አካም ጅርቱ» አለቻቸው፤ ያስተማርኳት እሱን ብቻ ነው። አጎቴ መልሰው ሰላም ሳይሏት፣ «የማን ልጅ ነሽ በላት» አሉኝ። አልኳት።

ጥያቄው ቀልድ መስሎኝ እኔ እየሳቅሁ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር እንደነበረ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ሥራ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ እንደቀረ፣ ሌላ ከተማ ሌላ ቤተሰብ እንደመሠረተ ነገረችኝ። ስሙን ትምህርት ቤት ሲጠሯት ትጠላው ነበር። የእኔን ስትወስድ ከእኔ ፍቅር ይልቅ ከእሱ መገላገሉ ይበልጥባት እንደነበር አሁን ልትደብቀኝ እንደማትፈልግ ጨምራ ነገረችኝ። አባቷ እንደሞተ ነበር የማውቀው። ሁለት ዓመት ያህል በትዳር ኖረን፣ ይህን የሰማሁት አጎቴ በረንዳ ላይ፣ ሁለት የማላውቃቸው ጎረቤቶች ባሉበት ነው።

እንዳለችው አድርጌ ተረጎምኩ፤ እኔን የሚነካውን ብቻ ዘለልኩት።

አጎቴ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ትሰማኛለች ብለው በአማርኛ አናገሯት።

«ያዢው የእኔ ልጅ፣ ስሙን ያዢው። የእኛ ሰውዬ ክፉ ነበር። ሚስቶቹን ያባርራል፣ ከመስጊድ ተጣልቶ ይመለሳል፣ ለበቅሎው እንኳ አይራራም። ግን ቤቱን ጥሎ አልሄደም። ብንለምነውም አልሄደም።»

በዚያው ሳምንት ጅማ መጡና ከአባቴ ጎን ቆመው ፈረሙ። ጸሐፊዋ የጻፈችው ደብዳቤ አሁንም እጄ ላይ አለ። ሟች ከተጠቀሰችው ግለሰብ ጋር በሕይወት ዘመናቸውም ሆነ ከዚያ ወዲህ ምንም ዓይነት የአባትነት ግንኙነት እንዳልነበራቸው ያረጋግጣል። ማኅተሙን ስትመታ፣ «ቆንጆ ሴት ናት» አለችኝ። «ስሟን ግን ብታስመልሰው ጥሩ ነበር።»

ቪዛው ሲመጣ ከሠላሳው ቀን ፈቃዷ አሥራ ስምንቱ በጅማና በሊሙ መካከል አልቆ ነበር። ባለቤቴ በቀረው መጣች። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት ዘመድ ወሰዳቸው። ወገቡን የሚያመው ሁሉ ወጌሻ መጣች ሲባል ቤታችን ደረሰ፤ እናቴ ተራ አስያዥ ሆነች። በአሥረኛው ቀን ባለቤቴ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈችና ከእንግዲህ የማንንም ወገብ አልነካም አለች። እውነቷን ነበር። እኔን ልትጠይቅ መጥታ፣ እስከዚያች ቀን ሁለታችን ብቻችንን ሆነን አንድ ምሳ አልበላንም።

ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ከተማ ባዶ ቤት ያለው የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ቁልፉን ለምኜ፣ ለማንም ሳንናገር ሄድን። ቤቱ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ክራር ብቻ ነበር፤ ክራሩን ሁለታችንም አንችልበትም። ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ አላቋረጠም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ ስለማይቻል ብዙ አላወራንም። እንቁላል ጠበስኩ፣ ጨው በዛ አለች፣ አልበዛም አልኩ፣ ተኳረፍን፣ ከዚያ እሷ የእኔንም ድርሻ ጨርሳ በላችው።