ለልደት የሚሰቀል ባንዲራ

ባለፈው ሳምንት፣ ሳን ሆዜ በምሠራበት ክሊኒክ፣ የአንዷ ነርስ ልደት ስለነበር ኬክ መጣ። ኬኩ ላይ ስቴኪኒ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ የወረቀት ባንዲራዎች ተሰክተው ነበር፤ መደባቸው ቀይ፣ መስቀላቸው ነጭ። ባሏ ዴንማርካዊ ነው አሉ። ሌሎቹ ባንዲራውን እየነቀሉ ሳህን ዳር አስቀመጡና ኬካቸውን በሉ። እኔ አንዷን ይዤ ቀረሁ። ገመድ በነፋስ ተወዝውዞ ብረት ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ከየት እንደመጣ ላጫውታችሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኦክላንድ ነው። እናቴ ሚልፒታስ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ትገጣጥማለች፤ አባቴ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት የማገኘው አያቴን፣ የአባቴን አባት ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው። እሳቸው በአማርኛ ይጠይቁኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። እንደምንም እንግባባ ነበር፤ ብዙም ግን አናወራም።

ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ረጅም ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ከጣሪያው የሚበልጥ የባንዲራ ምሰሶ ቆሟል። ያው መደቡ ቀይ፣ መስቀሉ ነጭ የሆነ ባንዲራ አንዳንድ ቀን ይሰቀላል፣ አብዛኛውን ቀን ግን የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ወረቀት ይዘው ሲወጡ አየሁ።

«አባባ፣ ዌር አር ዩ ጎይንግ?» አልኳቸው።

«እዚህ ክሊኒክ። ዛሬ ከፍተዋል፣ መስቀሉን ሰቅለዋል።»

ቀይ መስቀል መስሏቸው ነው። ቀለሙ መገልበጡን እንኳ እንደ አሜሪካ ነገር ቆጥረውታል። ሮጬ ስደርስ የሽማግሌውን በር አንኳኩተው ወረቀቱን አስረክበው ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ በትሕትና፣ «መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ እኔም እሱኑ ነው የምወስደው፤ ግን ሐኪም አይደለሁም፣ አናጺ ነበርኩ» አሉ። ይህንን በአማርኛ መናገር ነበረብኝ። አናጺ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበርና በእጄ እንጨት ስሰነጥቅ አሳየኋቸው። አያቴ ግን ሥጋ ቆራጭ ነው የመሰላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንዲራው የሚሰቀልበትን ምክንያት ማወቅ ፈለግሁ። አባቴን ብጠይቀው «ሊቭ ኢት፣ የሰው ጉዳይ ነው» አለኝ። ደብተር አወጣሁና የተሰቀለበትን ቀን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። አንዴ ማክሰኞ ነው፣ አንዴ ቅዳሜ። አንዴ ጭጋግ ነው፣ አንዴ ፀሐይ። የሕዝብ በዓል ቀን አይሰቀልም፣ ተራ ሐሙስ ቀን ይሰቀላል።

አያቴ ደግሞ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ሳለ ሽማግሌው ባንዲራውን ሊያወርዱ ሲወጡ ብድግ ይላሉ። እጃቸውን ወደ ታች ቀጥ አድርገው፣ ባንዲራው ወርዶ እስኪታጠፍ አይነቃነቁም። በእሳቸው ጊዜ ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር አሉኝ።

«አባባ፣ ኢትስ ኖት አወር ፍላግ» አልኳቸው።

«የሰው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ሽማግሌው ይህንን አይተው ኖሮ አንድ ቀን ባንዲራውን አጥፈው እንደያዙ ወደ አጥሩ መጡ። አያትሽ ወታደር ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደሉም፣ የመጋዘን ጸሐፊ ነበሩ። ያኔ አጋጣሚውን ተጠቅሜ የደብተሬን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ዛሬ ለምንድን ነው የሰቀሉት?

«ዛሬ የእህቴ ልደት ነው» አሉ።

እህታቸው ዴንማርክ ናት። ማክሰኞው የልጃቸው፣ ቅዳሜው የሟች ሚስታቸው ልደት ነበር። ሐሙስ ዕለት የሰቀሉት ድሮ ለሞተ ውሻቸው መሆኑን ሲነግሩኝ ትንሽ አፈሩ። በአገራቸው ባንዲራ የደስታ ነው አሉ። ልደት ሲሆን ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ኬክ ላይ ይሰካል፣ በገና ዛፉ ላይ በክር ይንጠለጠላል፣ ከሩቅ አገር የሚመጣን ዘመድ ኤርፖርት ድረስ ሄደው እሱን እያውለበለቡ ይቀበሉታል። ሰው ሲሞት እስከ ቀብሩ ድረስ ግማሽ ላይ ይቆያል፤ ሬሳ ሣጥንም ያለብሱታል። መሬት መንካት የለበትም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አይቆይም።

የሰማሁትን ሁሉ ለአያቴ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው የሚያውቁት ባንዲራ የትምህርት ቤት ሰልፍና የመንግሥት ግቢ ላይ ያለ ነው፤ ፊቱ የሚሳቅ አይደለም።

«ለውሻ?» አሉ። «ጠይቂልኝ፣ መንግሥት አይቆጣም?»

ሽማግሌው ሳቁና በተራቸው የአያቴን ልደት ጠየቁ። ወረቀታቸው ላይ ያለው ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ኤምባሲ ለማመልከት ሲባል ዝም ተብሎ የተሞላ ቀን። «እናቴ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የወለድኩህ ትለኝ ነበር» አሉ አያቴ፤ «ማንም ግን ቀኑን አክብሮልኝ አያውቅም።» ቀኑን ስልኬ ላይ ፈልጌ በፈረንጅ አቆጣጠር ነገርኳቸው። ሽማግሌው ከኪሳቸው የአናጺ እርሳስ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ጻፉት።

ያን ዓመት በኖቬምበር፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ባንዲራው ተሰቅሎ ነበር። ስመለስ አያቴ ኮትና ክራባት አድርገው ከሽማግሌው ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል፤ ገመዱ ምሰሶውን ቀስ እያለ ይመታል። አያቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። የኬካቸው ቁራሽ ላይ የተሰካችውን የወረቀት ባንዲራ ሊነቅሏት አልወደዱም፤ ዙሪያዋን በሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከሰዓት በኋላውን በሁለቱ መካከል ተቀምጬ አሳለፍኩ። ስለ ምስማር፣ ስለ መጋዘን፣ ስለ ሞቱ ሚስቶች ተረጎምኩ። ቃል ሲጠፋኝ አያቴን እጠይቃለሁ። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ታካሚ ሲመጣ እኔን ነው የሚጠሩት። አማርኛሽን ማን አስተማረሽ ሲሉኝ፣ አንድ ዴንማርካዊ ስል ቀልድ ይመስላቸዋል።

በቀጣዩ ሰኔ፣ የሽማግሌው ሚስት ልደት ዕለት፣ ባንዲራው እንደ ልማዱ ጠዋት ተሰቀለ። አመሻሽ ላይ ራት ቀርቦ አያቴን ብጠራቸው አልገቡም። በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«ሳይወርድ እንዴት እገባለሁ?» አሉ።

«ረስቶት ይሆናል፣ አባባ።»

«የሚስታቸውን ቀን አይረሱም። ነይ፣ ደህና አይደሉም።»

ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ሰማዩ ግን ገና ብርቱካናማ ነበር። በአጥሩ በር ገብተን አንኳኳን፣ መልስ የለም። አያቴ ጆሯቸውን ጋራዡ በር ላይ አድርገው እጃቸውን አነሡብኝ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። እኔም ሰማሁት። በጣም ቀጭን ድምፅ ነበር። በጎን በኩል ያለው በር አልተቆለፈም። ሽማግሌው ከመሰላል ወድቀው ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከቀትር ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል።

ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግሁ። አያቴ ኮታቸውን አውልቀው አለበሷቸውና አጠገባቸው ተንበርክከው እጃቸውን ያዙ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ» ይሏቸዋል በአማርኛ። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ «ባንዲራው ውጭ ነው» አሉ። ለመተርጎም አፌን ስከፍት አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብቷቸዋል።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ምሰሶው ሥር ቆምን። እኔ ገመዱን ፈታሁ፣ አያቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባንዲራ ፊት ቆመው በእጃቸው ግን ነክተው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነገሩኝ። «ቀላል ነው» አሉ፣ እየመዘኑት፤ «ከባድ ይመስለኝ ነበር።»

ሽማግሌው ዳኑ፣ ግን ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። ልጃቸው ሳን ሆዜ አፓርታማዋ ወሰደቻቸው። ሁለት ጊዜ ሄደን ጠየቅናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ያለ አስተርጓሚ ተቀምጠው መኪና ሲያዩ ዋሉ። ቤቱ ተሸጠ።

ልጃቸው የደወለችልኝ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ገባሁ። አያቴ ሶፋው ላይ ነበሩ። በእንግሊዝኛ ልነግራቸው አልፈለግሁም።

«አባባ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን ሞተ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ?»

«ትናንት፣ ተኝቶ እያለ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ረጅም ሰዓት ጠረጉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ እንደሳቸው ላለ ሰው ሞተ አይባልም» አሉኝ ቀስ ብለው። «አረፉ ነው የሚባለው።»

«አረፉ» አልኩ።

«እንደሱ» አሉ፣ እጄን ሳይለቁ።