የባዝራዋ ጭራና የእኔ ቅቤ

ሳዑዲ፣ ከየመን ድንበር ብዙ በማትርቀው ዳማድ አጠገብ ያለ እርሻ ውስጥ የተቀጠርኩት በውሸት ነው። ባለቤቱ «ፈረስ ታውቃለህ?» ሲለኝ፣ «ዓሚ፣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ፈረስ ላይ ነው የተወለድኩት» አልኩት፤ ዓሚ አሠሪን በአክብሮት «አጎቴ» ማለት ነው። እኛ ቤት የነበረችው አንዲት አህያ ናት፤ የእሷን ጭራ ደግሞ ዞር ብሎ ያየላት ሰው አልነበረም።

ሰውዬው ግንባሯ ቦራ የሆነች ባዝራ ነበረችው። ጥቁር ጭራዋ መሬት ሊነካ የቀረው አራት ጣት ነው። ለዒድ ግልቢያ የሚስቱ ወንድም እያየ በጭራዋ መሬት ሊያስጠርጋት ምሏል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ጭራዋን በመቀስ አስተካክላለሁ ብሎ በዚያው ቀን ተባሯል። እኔ ደግሞ ከየመን በእግሬ የገባሁ፣ ወረቀት የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ከግቢው በር ውጭ መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው፤ የተያዘ ሰው ታስሮ ወደ አገሩ ይጫናል። ስለዚህ ያ ጭራ ጣሪያዬ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬው ራሱ ነው። ጭራ ደርቆ አይበጠርም። አርጥቦ፣ ከላይ በአንድ እጅ ጨብጦ፣ ከጫፉ ጀምሮ በጣት እየፈቱ ወደ ላይ መውጣት ነው። ከዚያ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት፣ ላላ ያለ ጉንጉን፣ በመጨረሻም የጨርቅ ከረጢት። የጭራውን አጥንት ማሰር የለም፤ ደም ይዘጋል። «ሹወይ ሹወይ» ይለኝ ነበር፣ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። ከድንበሩ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ባዝራዋ ትደነብራለች፤ እኔም እደነብራለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ተፋፍረን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ደስ ይለኝ ነበር። ጣቴ ላይ የቀረውን እያንዳንዱን ፀጉር በፌስታል አጠራቅም ነበር፤ አንድ ቀን ከዘይት ቆርቆሮ ማሲንቆ እሠራለሁ ብዬ።

ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው የወሎ ባለሙያነቴ ተነሳብኝ። እናቴ የእህቶቼን ፀጉር ለበዓል የምታሳምረው በምን ነበር? በቅቤ! ሰሊጥ ምን ያደርጋል ብዬ ከማድቤት አንድ ጭብጥ ቅቤ ወስጄ ጭራዋን ከላይ እስከ ታች ለቀለቅኩት። አየር እንዲያገኝም ከረጢቱን ተውኩት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ስመለስ ከአጥሩ ወዲያ የሚያድር አንድ ጥጃ በቀዳዳው አንገቱን አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጭራውን ያመነዥካል። ባዝራዋ ሆዬ ቆማ ታንቀላፋለች። የተረፈው ጭራ ጉልበቷ ጋ አልቋል።

ጥጃውን ልመታው ነበር፤ ግን ቀብቼ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ፌስታሌን አወጣሁ። እህቴ ፀጉር ስትቀጥል ያየሁትን እያስታወስኩ፣ የማሲንቆዬን ፀጉር በትንሽ በትንሹ ከተረፈው ጋር ቋጠርኩት። የዒድ ጠዋት ጭራዋ መሬት ይጠርግ ነበር፤ ወላሂ፣ ከፊተኛው ይበልጥ ያምራል! ሰውዬው ሁለት ጊዜ ዞራትና ወጣባት።

ግልቢያው የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ነው፤ ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል። «ያላ!» ብሎ ኮለኮላት። መሐል ሜዳ ስትደርስ አንድ ክንድ የሚያህል ጭራ ተፈናጥሮ አሸዋው ላይ ወደቀ። የሚስቱ ወንድም አንስቶ ዝንብ ሲያባርርበት ሜዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እግሬ ለመሮጥ ተነሳ። ግን ወዴት? ሰውዬው ከባዝራዋ ወርዶ የወደቀውን ፀጉር ተቀበለና እየሳባት ወደ እኔ መጣ። ባዝራዋ ላይ የተረፈውን ቁራጭ ጭራ አንስቶ አሸተተው።

«ቅቤ?» አለኝ።

«ቅቤ ነው፣ ዓሚ። የቀረውን ጥጃው በላው።»

«ፈረስ ላይ ነው የተወለድኩት ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«አህያ ነበረን» አልኩት።

እንደ አገሩ ወንዶች ለዒድ ጌጥ ጭንቅላቱ ላይ የሻጠው በሶብላ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ጣቱን ቀሰረብኝ። «ኸላስ፣ በቃ! ጭራዋ መሬት እስኪነካ ድረስ ከግቢዬ አትወጣም። ቅጣትህ ይኸው ነው!» የማሲንቆዬንም ፀጉር መለሰልኝ።

የፈረስ ጭራ ለማደግ ዓመታት ይፈጃል። እንዲህ ያለ ቅጣት ለምኜም አላገኝም ነበር፤ ያን ቀን ከደስታዬ የተነሳ ጥጃውን ግንባሩ ላይ ሳምኩት። ማሲንቆውንም ሠራሁ። ድምፁ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም ባዝራዋ ጆሮዋን ታቆምለታለች። ጭራዋን በሰሊጥ ብቻ፣ በታማኝነት ተንከባከብኩት። አንዳንዴ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጭራዋ ለማደግ እንዳይቸኩል «ሹወይ ሹወይ» እላት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ የዒድ ዋዜማ፣ ጭራዋን አጥቤ ስለቀው ጫፉ አሸዋው ላይ ቀጭን መስመር አሰመረ። ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየና በጫማው አጠፋው።

«ገና አራት ጣት ይቀረዋል» ብሎኝ ወደ ቤቱ ገባ።