ቡሽ የናቀ ጣት

ዶክተር ስለምንለው ተምሮ ዶክተር የሆነ እንዳይመስላችሁ። ነጭ ጋውን ስለሚለብስ ነው። ጋውኑንም የገዛው ከስጋ ቤት ሰራተኛ ነው። ደረቱ ላይ የነበረውን ጥልፍ በምላጭ ፈትቶታል፣ ግን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የበሬው ቀንድ እስካሁን አለ።

እኔ እሱ የነበረበት ሳሎን ፀጉር አጣቢ ነኝ። ገንዳዬ ከሱ ወንበር ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው፣ ስለዚህ የማወራው በአይኔ ያየሁትን ነው። ደሞ መበሳት ነፍሴ ነው፣ ግራ ጆሮዬ ላይ ብቻ አምስት አለኝ። አምስቱንም ሌላ ቦታ ሄጄ ነው የተበሳሁት።

ሰውየው በፊት ወንድሙ የቆዳ ሱቅ ውስጥ ቀበቶ ይበሳ ነበር። አስራ አንድ አመት ሙሉ። «ከስቻለሁ፣ አንድ ቀዳዳ ጨምርልኝ» ይሉታል፣ ጠቅ ያደርጋል፣ አለቀ። እሷንም ስለሚያጣምም ወንድሙ አባረረው። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። እሱ ግን ቀበቶ ከበሳሁ ጆሮ ምን ያቅተኛል ብሎ እኛ ጋ መጣ።

ጆሮ ሲበሳ ከኋላ ቡሽ ይደረጋል፣ መርፌው ሲወጣ እዛ ላይ እንዲሰካ። የሳሎኑ ባለቤት አንድ ብልቃጥ ሙሉ ንፁህ ቡሽ ገዝታለታለች። አንዱን ነክቶ አያውቅም። «ቡሽ ለጀማሪ ነው» ይላል፣ «እኔ በጣቴ ነው የምደግፈው። መርፌው ሲደርስ ጣቴ ይሰማዋል።»

በአንድ ወር ውስጥ ሶስት ጆሮ አጣመመ። ባለቤቷ ስትቆጣው ጥፋቱን ደንበኞቹ ላይ ላከከ። «ሲያማቸው ይንቀሳቀሳሉ እኮ እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለና በነጋታው የማደንዘዣ ክሬም ይዞ ከች።

«ጥሩ» አለችው ባለቤቷ፣ «በእህቴ ልጅ እናየዋለን። ይቺ ከተጣመመች ወንበሩን ትለቃለህ።»

ክሬሙ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ጥሩ ነው። ትንሽ ይቀባል፣ በላስቲክ ይሸፈናል፣ አርባ ደቂቃ ምናምን ይጠበቃል፣ ከዛ በደንብ ይጠረጋል፣ በቃ ቦታው ድንዝዝ ይላል። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ መመሪያውን ስታነብ ነበር።

«በጓንት ይቀባ ይላል እኮ» አለችው።

«አንቺ አንባቢ ነሽ፣ እኔ ሰሪ ነኝ።»

በባዶ ጣቱ ዝቆ ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው ለቀለቀው። ላስቲኩን አለበሰና አርባውን ደቂቃ ስለራሱ ሲያወራ ቆየ። ቧንቧው የኔ ገንዳ ላይ አለ፣ እጁን ልታጠብ እንኳን አላለም። ሰዓቱ ሲደርስ የልጅቷን ጆሮ ጠረገ፣ በእስኪሪብቶ ምልክት አደረገ። የመርፌውን ፓኬት ግን ሁለቴ ከእጁ ጣለው።

«እጅህ ምን ሆኗል?» አልኩት።

«ብርድ ነው። አንቺ ፀጉርሽን እጠቢ።»

ጣቱን ከጆሮዋ ኋላ ደግፎ ወጋ። ልጅቷ ፍንክች አላለችም። ቀዳዳው ደሞ ቀጥ ያለ፣ ልክ ምልክቱ ላይ። እኔ ራሴ ገርሞኝ ውሃውን ዘጋሁት። ዶክተር ደረቱን ነፍቶ ወደ ባለቤቷ ዞረ።

«እትዬ ይዩልኝ እስቲ፣ ተጣሟል?»

እጁን ሊያነሳ ሲል የልጅቷ ጭንቅላት አብሮ መጣ።

«አክስቴ፣ ጆሮዬን አልለቅም አለኝ።»

«ልቀቃት እንጂ» አለች ባለቤቷ።

«ለቅቄያታለሁ እኮ።»

ጎንበስ ብላ አየች። መርፌው ጆሮዋን አልፎ ሌባ ጣቱ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገብቷል። ደሙ በእጅጌው እየወረደ ነው፣ ጋውኑ ገና አሁን የድሮ ስራውን አገኘ።

«አያምህም?»

«ምኑ?» አለ።

ባለቤቷ ጓንት አጥልቃ መርፌውን ነቀለችና ሁለቱንም እየነዳች ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እኔም ስራዬን ጥዬ ተከተልኩ፣ እንዴት ይሄ ያመልጠኛል። ነርሷ «የተበሳው ማነው?» ስትል ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። የልጅቷን አፅድታ ጌጥ እንዳይገባበት፣ ይደፈን አለች። ለሱ መርፌ ወጋችው። እዛኛው ጋ ክሬም አልተቀባም ነበርና እንዴት እንደጮኸ።

በሩ ላይ «ቀጥ ብሏል እኮ እትዬ» እያለ ሊለማመጥ ሞከረ።

«አዎ፣ እስከ አጥንትህ ቀጥ ብሏል። ወንበሩን ልቀቅ።»

አሁን ወንድሙ ሱቅ ተመልሷል። ጣቱን ጠቅልሎ፣ ለጠየቀው ሁሉ ደንበኛ ነክሳኝ ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት ቀበቶዬን ላስበሳ ሄድኩ፣ እውነቱን ለመናገር ቀበቶው ልኬ ነው። ሲያየኝ ፊቱን አጠቆረ። ቀበቶውን ዘረጋና ከስሩ ወፍራም ጣውላ አደረገበት።

«ጣትህ እያለ ጣውላ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

ጠቅ አደረገ። ቀዳዳው ግን ጠማማ ነው።