በ1953 የተሠራው የበርሊን ግንብ

በነገሩ ውስጥ የገባነው አራት ሰዎች ነን። እኔ አባትየው፤ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት የምትሠራው ባለቤቴ፤ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ የነበረችው ልጃችን፤ የታሪክ መምህሯ። ልጄ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ኦቲሞ የሚባለውን ከፍተኛውን ውጤት። የቃል ፈተናዋ ርዕስ የበርሊን ግንብ ስለነበር ላስጠናት ተነሣሁ። ታሪክ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከራዲዮና ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ነው። ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ከሚፈዝ ይልቅ ከወላጁ ቢማር ይሻላል፤ ይህን አሁንም አምናለሁ።

ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈራችን፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ አስቀምጬ ጠየቅኳት።

«ርዝመቱ?»

«መቶ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ ያልፋል። አባዬ፣ መምህሯ እኮ ደብረ ብርሃንን አታውቅም።»

«ትወቅ። ከፍታው?»

«ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ። እማዬ ትከሻህ ላይ ብትቆም እንኳ ጫፉን አትነካም።»

«እኔ ደግሞ እዚያ ምን ልሠራ ወጣሁ?» አለች ባለቤቴ ከምድጃው በኩል።

«መቼ ተሠራ?»

«1961።»

«1953! የፈረሰው ደግሞ በ1982። ዜናውን አዲስ አበባ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

መጽሐፏን ልታሳየኝ ገለጠች። ክርክር ስለማልወድ ዘጋሁት።

የቃል ፈተናው ላይ ወላጅ መቀመጥ ይችላል። ባለቤቴ ግማሽ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ ከኋላ ተቀመጥን። ልጄ ርዝመቱን፣ ከፍታውን፣ ምዕራብ በርሊንን ዙሪያውን መክበቡን፣ ሰው ከምሥራቁ እንዳይሸሽ መሠራቱን አጥርታ ተናገረች። መምህሯ «መቼ ተሠራ?» ስትላት ዞራ አየችኝ።

«በ1953።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አባቴ እዚያ ተቀምጧል» አለች።

ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ተነሣ እንጂ!»

ተነሣሁ። ቁጥሩ የእኔ እንደሆነ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትክክል እንደሆነ፣ ልጅቷ ግን 1961ን እንደምታውቅ ተናገርኩ። መምህሯ የፈረሰበትንም ጠየቀችኝና ወረቀት ላይ ቀነሰች።

«አሎራ፣ እንግዲያውስ እኛ ዘንድ ሃያ ስምንት ዓመት ቆመ፤ እናንተ ዘንድ ሃያ ዘጠኝ?»

የተሠራው ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ የፈረሰው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስለሆነ ነው አልኳት። ፈታኞቹ ሳቁ። እኔ የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።

ውጤቷ ዲስቲንቶ ሆነ፤ ከኦቲሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው። ወደ ቤት ስንሄድ «ለምን የምታውቂውን አላልሽም?» አልኳት።

«አንተ ፊት?» አለች።

ኬክ ቤት ገብቼ ትልቁን ኬክ ገዛሁ። እሱና የባለቤቴ ግማሽ ቀን ሲደመሩ ኪሳራው ስልሳ ሺህ ሊሬ፤ በዚያ ላይ አንድ ኦቲሞ።