የብርድ መውጫ

አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የተማርኩትን ቃል በቃል እይዛለሁ፤ ሌላውም እንደዚያው ካልያዘው ያናድደኛል።

አባቴ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ገብስ ያርሳሉ። አንድ ጥቅምት ከማሳቸው ግርጌ፣ ማሳውን ከታች በሚያጥረው የድንጋይ ካብ ሥር ያለውን እሸት ውርጭ መታው። ከላይ ያለውን የጎረቤታቸውን አልነካም። ከጉዳቱ ይልቅ ለብቻቸው መመታታቸው ከነከናቸው፤ በየትኛው በዓል እንዳረሱ ሲያሰላስሉ ሰነበቱ። ይህን መስማት ስላልቻልኩ የትምህርት ቤት መጽሐፌን ይዤ ሄድኩ። ሰማዩ ሲጠራ መሬት ሌሊት ሙቀቷን እንደምታጣ፣ የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንደሚተኛ ነገርኳቸው። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። አልገባቸውም ብዬ እየተበሳጨሁ ተመለስኩ።

በዓመቱ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ስሄድ ካቡ ሁለት ቦታ ፈርሷል። ጎርፍ የናደው መስሎኝ ነበር።

«ፈሰስ ነው» አሉኝ። ውሃ ማሳ ላይ እንዳይተኛ የሚቀደደውን ቦይ ማለታቸው ነው። «ይፈሳል ያልሽኝ አንች። የሚፈስ ነገር መውጫ ይፈልጋል።»

ያ ለምሳሌ ያህል የተባለ መሆኑን፣ አየር እንደ ውሃ በቦይ እንደማይነዳ፣ የቀዳዳው ትርፍ ከብት ማስገባት እንደሆነ አስረዳሁ።

«ታዲያ ለምን እንደ ውሃ አልሽኝ?»

«እንዲገባዎት ብዬ ነዋ።»

«ገብቶኝ ነበር» አሉና ድንጋዩን መልሰው ይክቡ ጀመር። የተማርኩት እኔ ነኛ። ድንጋዩን እያነሳሁ አቀበልኳቸው።

ጥቅምት ላይ ውርጩ መጣ። ካቡ ሥር የነበረው እሸት ነጥቶ ቀረ፤ ዛላው በእጅ ሲታሽ ገለባ ብቻ ነው።

ደባርቅ ከተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ መጽሐፉን እንደገና አወጣሁት። ያስረዳኋቸው ነገር ገጹ ግርጌ ላይ ያልቃል። ገለጥኩት። ቁልቁል የሚወርደውን ብርድ አጥር ወይም ካብ ካገደው እንደ ኩሬ ይጠራቀማል፤ መውጫ ሊከፈትለት ይገባል ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። ያሰመርኩት እኔ ነኝ፣ ለፈተና ሳጠና።

ቅዳሜ ሄጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አሁን ልክፈተው?» አሉ። «ወይስ ከዚያም ወዲያ ገጽ አለው?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ገጹን ገልጬ አየሁ።