ልብስ ቆራጯ ያጠመደችው ወሬ

ሴትዮዋ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ቆራጭ ናት። መቀስ ከያዘች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰፊዎቹ «እሷ ዓይኗን ጨፍና የቆረጠችው እኛ አፍጥጠን ከሰፋነው ይበልጣል» ይሏት ነበር። መጠጡ ግን እጇን ቀደመው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሠላሳ ጨርቅ ደራርባ የኮት እጅጌ ስትቆርጥ መቁረጫው አመለጣትና ሠላሳውም እጅጌ አንድ ላይ ተበላሸ። አሠሪዋ «መቁረጫው ነው» አለ። እሷም «መቁረጫው ነው» አለች። እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ነርስ የሆነች ታላቅ እህቷ በዚያው ሰሞን ሦስት አድራሻ በወረቀት ጽፋ መጣች።

«መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። አንዱ ባይሆንሽ ሌላው ይሆንሻል።»

ቆራጯ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «እንደምጠጣ ማን ነገረሽ?»

«አፍሽ» አለች እህቷ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ወጣት መዝገብ ዘርግታ ስም፣ ስልክና የሥራ ቦታ ትጠይቃለች።

«የሥራ ቦታዬ ምን ያደርግላችኋል?»

«ፎርሙ ላይ ስላለ ነው፣ እትዬ።»

በውሸት ስም ሞላችና ገባች። ሰዎቹ ምን እንደተናገሩ ግን አልሰማችም፤ ስታስብ የነበረው ያ መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ነው። ሁለተኛ አልተመለሰችም።

ሌላው ዘንድ ስትሄድ ዐሥራ አንድ ወንዶች ጠበቋት። ሰብሳቢው የራሱን ገድል ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ። ሲወጡ አንዱ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ መንገዳችን አንድ ነው፣ ልሸኝሽ» አላት።

«መንገዴን ማን ነገረህ?» ብላ ዞራ ሳታይ ሄደች።

የቀረው ከብስክሌት ጠጋኝ በላይ፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነው። የሚመሩት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። «እዚህ ስም መናገር ግዴታ አይደለም፣ የሚጻፍም ነገር የለም» አሏት። ይኼ ጭራሽ አስፈራት። ስም የሚጠይቅስ ይታወቃል፤ የማይጠይቅ ምን አስቦ ነው? በሩ አጠገብ ተቀምጣ ቀና ስትል ክው አለች። ፊት ለፊቷ ያለችው ለድርጅታቸው ዚፕና የልብስ ቁልፍ የምታቀርበው ነጋዴ ናት፣ ከአሠሪዋ ጋር ቆማ ስትሳሳቅ የምትውለዋ። ነጋዴዋም አየቻትና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«አለቀልኝ» አለች ቆራጯ በልቧ። «ነገ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይገባል።»

ሳምንቱ አለፈ፣ ትንፍሽ ያለ የለም። ዝምታው ግን አላሳረፋትም፤ ነጋዴዋ ጊዜ የምትጠብቅ መሰላት። ስለዚህ ወጥመድ ዘረጋች። በቀጣዩ ስብሰባ ተራዋ ሲደርስ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ለማንም አልተናገርኩም» ብላ ጀመረች። «በሚመጣው ወር ሥራዬን ለቅቄ የራሴን ስፌት ቤት እከፍታለሁ። ሁለት ሰፊዎችም አስኮብልያለሁ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አሠሪዋ ጆሮ ከደረሰ ሰውየው በዚያው ቀን እንደሚጮህባት፣ ወሬውን ያወጣችውም ነጋዴዋ መሆኗ እንደሚታወቅ እርግጠኛ ናት።

ነጋዴዋ ግን ድርጅቱ ውስጥ ድርሽ ሳትል ሁለት ሳምንት ቆየች። በመጨረሻ ካርቶኗን ታቅፋ ስትመጣ ቆራጯ ጨርቅ የምትፈልግ መስላ መጋዘኑ በር ሥር ተለጠፈች። ውስጥ የሚወራው ስለ ጥቁር ዚፕ ነው። ድንገት አሠሪዋ «ነይ እስቲ!» ሲል ያነሳችውን ጨርቅ እንደታቀፈች ገባች።

«ለዚህ ኮት ትልቁ ቁልፍ ይሻላል ትንሹ?»

«ትንሹ» አለች ቆራጯ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ነጋዴዋ ወደ እሷ ዞረች። «ስፌት ቤቱ ከምን ደረሰ? ቁልፍና ክሩን እኔ ላቀርብልሽ አስቤ ነበር። ለሰውየው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«ስፌት ቤት የለም» አለች ቆራጯ። «አንቺን ልፈትን ብዬ ነው።»

የነጋዴዋ ፊት ተለዋወጠ። «እኔስ? ባየሁሽ ቀን ለሰውየው ትነግሪብኛለሽ፣ ከሰካራም ዕቃ አልገዛም ይለኛል ብዬ ሦስት ሳምንት እግሬን ከደጃችሁ አላጠፋሁም? ቢሆንም አልዋሸሁሽም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «በይ እንግዲህ፣ ልጄ፣ ተራው አሁንም ያንቺ ነው። እውነቱን አምጪው።»

ያን ጊዜ የእጅጌዎቹን ነገር ተናገረች። በኮምጣጤ ጠርሙስ መጠጥ ደብቃ ሥራ ቦታ ይዛ እንደምትሄድ፣ የገዛ ልጇ ሰላጣ ላይ አፍስሳው ቤቱ ሁሉ እንደሸተተ፣ እሷም «ኮምጣጤው ተበላሽቷል» ብላ ልጅቷን እንደተቆጣች ተናገረች። ያባበላት የለም። ነጋዴዋም የዚያን ዕለት ሳትሰናበታት ሄደች፤ መጥታ አጠገቧ የተቀመጠችው ከወር በኋላ ነው።

ይኸው ዘጠኝ ወር ሆናት። አንድ ጊዜ ወድቃለች፣ እሱንም ሳይጠይቋት ነገረቻቸው። ለአሠሪዋም መቁረጫው ጤነኛ እንደነበር ራሷ ነግራዋለች፤ «ዐውቃለሁ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እህቷ በቀደም ስትመጣ ቆራጯ ለስብሰባው የምትለብሰውን ቀሚስ እየተኮሰች አገኘቻት።

«ታዲያ ሰዎቹ ተስማሙሽ?»

«እንጃ» አለች፣ ቀሚሱን እያገላበጠች። «ገና እያየኋቸው ነው።»