ጋሼ ድምርና ስድሳ አንድ ዓመት

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ክርር። የዚያ የመደመሪያ መኪና ድምፅ አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም፤ እጀታው በተሳበ ቁጥር ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማ ነበር። የሚስበው የስታቲስቲክስ ቢሮው አንጋፋ ሠራተኛ ሲሆን «ጋሼ ድምር» ይሉታል። ሠላሳ አራት ዓመት የሟቾችን መዝገብ ሲደምር፣ እሱን ጉንፋን እንኳ ደፍሮት አያውቅም። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ትዳሩ ያ የቢሮ ወንበሩ ነበር።

አንድ ዓመት የሠራው የዕድሜ ሰንጠረዥ ታተመ። የአገሩ ሰው ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ ስድሳ አንድ ዓመት ሆነ። እሱም ሰኞ ስድሳ አንድ ይሞላው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሻይ አፍዪዋ ለሁሉም ቀድታ እሱን ዘለለችው።

«ለእኔስ፣ እመቤቴ?»

«ውይ ጋሼ፣ ነፍስዎን ይማረውና፣ ያሉ አልመሰለኝም።»

ወዲያው አለቃው ገብቶ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«ወንድሜ፣ ሰኞ ወንበሩን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

«የቢሯችን ጡረታ በስድሳ አምስት ነው፤ ጡረታዬ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል እኮ፣ ጌታዬ።»

«ጡረታህስ ይቀረው ይሆናል፤ ዕድሜህ ነው ያለቀው። በገዛ እጅህ ጽፈህ አሁን ልትክድ ነው?»

ጋሼ ድምር ብዕሩን አስቀመጠ። «ይኼ የሞት ቀጠሮ አይደለም። መቶ ሺህ ሕፃናት ዛሬ ተወለዱ ብዬ በሐሳቤ እይዛለሁ። ከዚያ የዘንድሮው ሞት በየዕድሜው ምን ያህሉን እንደሚወስድ እያየሁ እቀንሳለሁ። ሁሉም የኖሩትን ዓመት ደምሬ ለመቶ ሺህ አካፍላለሁ። በጨቅላነት የሚቀጠፉት ቁጥሩን ቁልቁል ይጎትቱታል። እኔ ያን ሁሉ አልፌያለሁ። ስድሳ አንድ ለደረሰ ሰው ሰንጠረዡ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ይጨምርለታል።»

አለቃው ፊቱን ቅጭም አደረገ። «የሕፃናቱን ድርሻ ወስደህ ነዋ የምትኖረው! ይኼማ ጭራሽ ነውር ነው።»

ጋሼ ድምር ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ይሁን። ደንብ ከሆነ ግን ለሁላችንም ነው። የእርስዎን ማኅደር የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ስድሳ ሦስት ዓመትዎ ነው። በእርስዎ አቆጣጠር ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ የፈረሙባቸውን ደብዳቤዎች ምን እናድርጋቸው?»

ሻይ አፍዪዋ ማንቆርቆሪያውን እንዳንጠለጠለች ቀረች። አለቃው ቀለም የተቀባ ፀጉሩን ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ አሳርፎ የደም ሥሩን ትርታ አዳመጠ። አንድ ጊዜ ሻይ አፍዪዋን፣ አንድ ጊዜ ሰንጠረዡን አየ። የወንበሩን መደገፊያ ለቀቀና፣ ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ።